አምፕሊፋየራችን ለምን ጋለ?

ባለፈው ቅዳሜ በክበባችን ሙዚቃው ድንገት ቀጥ ሲል «ተቃጠለ!» ብለን ደነገጥን። ሲበርድ ግን ተመልሶ ሠራ። ለመሆኑ ምን ነካው?

አምፕሊፋየር ከሚስበው ኤሌክትሪክ ከፊሉን ብቻ ወደ ስፒከር ይልካል፤ ቀሪው ሙቀት ሆኖ ይወጣል። እኛ ደግሞ አቧራ እንዳይገባው ብለን ዳንቴል አልብሰን መተንፈሻውን ደፍነነዋል! በዚያ ላይ ሁለት ባለ 8 ኦም ስፒከሮች በአንድ መስመር ጎን ለጎን ቀጥለናል፤ ጭነቱ 4 ኦም ሲሆን የኤሌክትሪኩ ፍሰት እጥፍ ይሆናል።

ታዲያ ምን ይደረግ? ዳንቴሉን እናንሳ፤ ከግድግዳ እናርቀው፤ በጀርባው የተጻፈውን ኦም እናንብብ። ፊውዝ ሲቃጠል በሽቦ መተካት ግን ቤት ማቃጠል ነው። ከሶኬት ቢነቀልም ውስጡ ኤሌክትሪክ ያቆያልና ክዳኑን ለባለሙያ እንተው። ነገ ተማሪ ይህንኑ ይጠይቀናል፤ ዛሬ እንወቀው።