ደመወዝ በሌለበት ማኅበር ጠባይ መሠረት ነው

ብዙ ሰዎች ተሰብስበው አንድ ሥራ ሲሠሩ ሥራው የሚጸናው በእጃቸው ብልሃት ብቻ አይደለም። እርስ በርሳቸው የሚነጋገሩበት ቃል፤ አለቃው ታናሹን የሚያርምበት አኳኋን፤ ታናሹም ለአለቃው የሚሰጠው አክብሮት ተጨምሮበት ነው። ደመወዝ በሚከፈልበት መሥሪያ ቤት ክፉ ቃል የተነገረው ሠራተኛ ለልጆቹ እንጀራ ሲል ታግሦ ይቀመጥ ይሆናል። ደመወዝ በሌለበት ማኅበር ግን የተሰደበውን ሰው ትቶ ከመሄድ የሚያግደው ምንም ነገር የለም። ስለዚህ እንዲህ ባለው ማኅበር ዘንድ መልካም ጠባይ ጌጥ ሳይሆን መሠረት ነው።

ይህን ነገር አጉልተው የሚያሳዩት ምንጩ ክፍት የሆነ ሶፍትዌር የሚሠሩ ሰዎች ማኅበሮች ናቸው። ሶፍትዌር ማለት ኮምፒዩተር የሚታዘዝበት የትእዛዝ ጽሑፍ ነው። ምንጩ ክፍት ነው የሚባለውም ይህ ጽሑፍ ሳይደበቅ ለሁሉ ተገልጦ፤ የፈለገ ሁሉ እንዲያነበው፤ እንዲያርመውና አባዝቶ ለሌላ እንዲሰጠው በፈቃድ የተተወ ሲሆን ነው። ሠራተኞቹ በየአገሩ ተበትነው ስለሚኖሩ ብዙዎቹ ፊት ለፊት ሳይተያዩ በጽሑፍ ብቻ ይነጋገራሉ። ከእነርሱ መካከል ኩባንያ ቀጥሮ የሚከፍላቸው አሉ፤ እንደ ደቦ ሠራተኛ በገዛ ፈቃዳቸው ጊዜያቸውንና ዕውቀታቸውን የሚሰጡም ብዙዎች ናቸው።

ሥራቸው የጨዋታ ሥራ እንዳይመስል አንዱን መጥቀስ ይበቃል። ሊነስ ቶርቫልድስ የሚባለው የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ በ1991 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያለው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው) በ21 ዓመት ዕድሜው ሊኑክስ የተባለውን ሥራ ጀመረ። አንድሮይድ በሚባለው ሥርዓት የሚሠሩ ስልኮች ሁሉ ዛሬ በውስጣቸው የያዙት ሊኑክስን ነው። በ2017 ዓ.ም. በዓለም ላይ በፍጥነታቸው ቀዳሚ የሆኑት 500 ታላላቅ ኮምፒዩተሮች በሙሉ የሚሠሩት በእርሱ ሆኖ ተገኘ። አዲስ እትም በወጣ ቍጥርም ከአንድ ሺህ የሚበልጡ ሰዎች ድርሻቸውን ያዋጡበታል።

ይሁን እንጂ የዚህ ታላቅ ሥራ አለቃ በዕውቀቱ የተመሰገነውን ያህል በአንደበቱ የሚወቀስ ሰው ነበር። ስሕተት ያገኘበትን ሠራተኛ ዓለም ሁሉ በሚያነበው ጽሑፍ ይዘልፈው ነበር። ዘለፋውን የሚደግፉ ሰዎችም አልጠፉም። እነርሱ ይሉ የነበረው፤ ሥራው ጥንቃቄ የሚጠይቅ ስለሆነ በለስላሳ ቃል የሚነገር ተግሣጽ ዋጋ የለውም የሚል ነው። በ2015 ዓ.ም. ማኅበሩ አንድ አጭር ደንብ አወጣ፤ ስሙንም የግጭት ደንብ አለው። ነገር ግን ደንቡ ግጭትን እንደ ልማድ ተቀብሎ የተጻፈ ስለ ነበረ፤ የአለቃውንም ሆነ የታናሾቹን ጠባይ ለማቅናት አልበቃም።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም እንደ ተባለው፤ የቁጣው ፍሬ ውሎ አድሮ ታየ። በመስከረም ወር 2018 ዓ.ም. ቶርቫልድስ ራሱ ለማኅበሩ በጻፈው መልእክት የሰነዘራቸው የዘለፋ ቃሎች የማይገቡ እንደ ነበሩ አምኖ ይቅርታ ጠየቀ። የሌላውን ሰው ስሜት ማስተዋል የሚማርበትን እርዳታ ለመፈለግም ከሥራው ለጊዜው እንደሚገለል አስታወቀ። ወዲያውም የግጭት ደንብ የተባለው ተሽሮ የመልካም ጠባይ ደንብ በቦታው ገባ። አዲሱ ደንብ የተወሰደው ኮራላይን አዳ ኤምኬ በ2014 ዓ.ም. ካዘጋጀችውና ብዙ ማኅበሮች ከተቀበሉት ቃል ኪዳን ነው። አለቃው በሌለበት ጊዜ ግሬግ ክሮሃ-ሃርትማን የተባለው የሥራ ባልደረባው የቀረውን ፈጽሞ በጥቅምት ወር አዲሱን እትም አወጣ፤ ቶርቫልድስም ከዚያ በኋላ ወደ ሥራው ተመለሰ። አለቃው በይቅርታው ክብሩን አላጣም፤ ሥራውም በእርሱ መገለል አልቆመም።

ከዚህ የሚገኘው የመጀመሪያው ትምህርት፤ የጠባይ ደንብ አስቀድሞ ማሰር የሚገባው አለቃውን መሆኑ ነው። ታናሽ ሠራተኛ ክፉ ቃል ቢናገር የሚጎዳው ሰምቶ ያዘነው ሰው ብቻ ሊሆን ይችላል። አለቃ ክፉ ቃል ሲናገር ግን ታናሾቹ ሁሉ አነጋገሩን እንደ ፈቃድ ቈጥረው ይከተሉታል። ከዚያም አዲስ የሚመጣው ሰው በበሩ ላይ የሚቀበለውን ስድብ አይቶ ሳይገባ ይመለሳል። ማኅበሩም ማን እንደ ተመለሰበት እንኳ ሳያውቅ ይቀራል።

ሁለተኛው ትምህርት ሥልጣንን ስለ መያዝና ስለ መልቀቅ ነው። ፓይተን የተባለውን የኮምፒዩተር ቋንቋ የፈጠረው የሆላንድ ሰው ጊዶ ቫን ሮሰም፤ ማኅበሩ በቀልድ መልክ የዕድሜ ልክ ቸር ገዢ የሚል ስም ሰጥቶት ብዙ ዘመን የመጨረሻውን ፍርድ ሲሰጥ ኖረ። በሐምሌ ወር 2018 ዓ.ም. ግን በቋንቋው ላይ ስለሚጨመር አንድ ነገር ከተነሣው ብርቱ ክርክር በኋላ ደክሞት ሥልጣኑን ለቀቀ። ወራሽም አልሾመም፤ እንዴት እንደሚተዳደሩ ራሳቸው እንዲወስኑ ለሠራተኞቹ ተወላቸው። እነርሱም መክረውና ድምፅ ሰጥተው አምስት ሰዎች ያሉበት የአመራር ጉባኤ አቆሙ፤ የመጀመሪያዎቹም አባሎች በ2019 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ተመረጡ። የቀድሞው ገዢ ከአምስቱ እንደ አንዱ ሆኖ በመካከላቸው ተቀመጠ። ደንባቸውም ከአምስቱ ውስጥ ከሁለት የሚበልጡት የአንድ ኩባንያ ተቀጣሪዎች እንዳይሆኑ ይከለክላል፤ ይኸውም የማኅበሩ ፍርድ ለአንድ ባለጸጋ ጥቅም እንዳያደላ ነው።

ዴቢያን የተባለው ማኅበር ይህንኑ አስቀድሞ አስቦበት ነበር። በ1998 ዓ.ም. ባጸናው ሕገ መንግሥቱ አለቃው በየዓመቱ በአባሎች ድምፅ እንዲመረጥ፤ የአለቃውም ውሳኔ በአባሎች ድምፅ ሊሻር እንዲችል አድርጓል። በ2004 ዓ.ም. ደቡብ አፍሪካዊው ማርክ ሻትልወርዝ የመሠረተው የኡቡንቱ ማኅበርም፤ ስሙን የወሰደው ሰውነትን ከሰው ጋራ ከመተባበር ጋራ ከሚያያይዘው የዙሉና የኮሳ ቃል ነው። ይህ ማኅበር ለአባሎች ሁሉ ከሚሆነው ደንብ ሌላ ለመሪዎች ብቻ የተለየ ደንብ ነበረው። በመሪዎቹ ደንብ መሠረት፤ መሪ የሆነ ሰው ሥራውን ለሌሎች ማካፈል፤ ምስጋናውን ለሠራው ሰው መስጠት፤ የራሱ ጥቅም በተነካበት ነገርም ከፍርድ መራቅ ይገባው ነበር። ለሁሉ በወጣው ደንብ ደግሞ ሥራውን የሚለቅ ሰው በድንገት እንዳይጠፋ፤ ነገር ግን አስታውቆ ለሚረከበው እንዲያመቻች ታዝዟል።

ሦስተኛው ትምህርት ከሁሉ የሚያስደነግጥ ነው፤ እርሱም አባሎችና ተጠቃሚዎች በአለቃው ላይ ስለሚያደርሱት ግፍ ነው። ኤክስዜድ የሚባል፤ ብዙ መረጃ አጥፎ በትንሽ ቦታ የሚያስቀምጥ ሶፍትዌር አለ። ብዙ ኮምፒዩተሮች ይጠቀሙበታል፤ የሚጠብቀው ግን ያለ ክፍያ የሚሠራ አንድ ሰው ነበር። በ2022 ዓ.ም. የማይታወቁ ሰዎች ሥራው ዘገየ እያሉ በጽሑፍ ያጣድፉትና ይነቅፉት ጀመር። እርሱም ሥራው ያለ ደመወዝ የሚሠራ መሆኑንና የአእምሮ ጤናው እንዳስቸገረው ገልጦ መለሰ። በዚህ ጊዜ ጂያ ታን በሚል ስም የሚጽፍ፤ ትሑትና ትጉህ መስሎ የሚታይ ረዳት በአጠገቡ ነበረ፤ ቀስ በቀስም የጠባቂነትን ሥልጣን ተቀበለ። በ2024 ዓ.ም. ያ ረዳት ሌባ የሚገባበትን ስውር በር በሶፍትዌሩ ውስጥ ሠርቶ ተገኘ። ነገሩን ያገኘው አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ መሐንዲስ ሲሆን፤ ከሩቅ ሆኖ ወደ ኮምፒዩተር ለመግባት የሚፈጀው ጊዜ በግማሽ ሴኮንድ ያህል መዘግየቱን አስተውሎ ምክንያቱን ሲመረምር ነው። መጋቢት 29 ቀን ለሁሉ ባያስታውቅ ኖሮ ጉዳቱ እጅግ በሰፋ ነበር። የደከመውን ጠባቂ ማጣደፍ በሩን ለጠላት መክፈት እንደሆነ በዚህ ታወቀ።

የጠባይ ደንብን የሚነቅፉ ሰዎች የሚያነሡት ክርክር ችላ የሚባል አይደለም። ደንቡ ሰነፍ ሠራተኛ ከወቀሳ የሚሸሸግበት ዋሻ እንዳይሆን፤ ወይም የበረታ ወገን የማይወደውን ሰው የሚያስወጣበት ዱላ እንዳይሆን ይፈራሉ። ፍርሃታቸውም መልስ ይገባዋል። መልሱ ሥራውንና ሠራተኛውን ለይቶ ማየት ነው። የተበላሸ ሥራ ያለ ርኅራኄ ተመርምሮ ሊጣል ይገባዋል፤ የሠራው ሰው ግን ከሥራው ጋራ ሊጣል አይገባውም። ይህ ሥራ በዚህ ምክንያት አይረባም ብሎ መጻፍ ተግሣጽ ነው፤ አንተ አትረባም ብሎ መጻፍ ግን ስድብ ነው። የመጀመሪያው ሰውን ያስተምራል፤ ሁለተኛው ያባርራል።

ደንቡ ዱላ እንዳይሆን ደግሞ ፍርዱ ሥርዓት ያለው መሆን አለበት። ከዚህ በላይ የተነገረው ቃል ኪዳን በ2020 ዓ.ም. ታድሶ ሲወጣ፤ ቅጣትን በአራት ደረጃ ከፍሎታል። መጀመሪያ በግል መምከር፤ ቀጥሎ ማስጠንቀቅ፤ ከዚያ ለጊዜው ማገድ፤ በመጨረሻም ጨርሶ ማስወጣት ነው። አቤቱታ ያቀረበው ሰው ስሙና ደኅንነቱ እንዲጠበቅለትም ያዝዛል። በዚህ ላይ ሁለት ነገር መጨመር ይገባል፤ አንደኛው የተከሰሰው ሰው ቃሉ ሳይሰማ እንዳይፈረድበት፤ ሁለተኛው አለቃው በተከሰሰበት ነገር ራሱ ዳኛ እንዳይሆን ነው።

እነዚህ ማኅበሮች ወታደር የላቸውም፤ ወህኒ ቤትም የላቸውም። ጽሑፉ ለሁሉ ክፍት ስለሆነ ያዘነ ወገን ቅጂውን ይዞ ሌላ ማኅበር ለማቆም ይችላል። በ2010 ዓ.ም. ኦፕንኦፊስ ከተባለው ሥራ ብዙ ሠራተኞች ወጥተው ሊብሬኦፊስን ያቋቋሙት እንዲሁ ነው። ስለዚህ የአለቃው ሥልጣን ሁሉ የቆመው ሌሎቹ በእርሱ ላይ ባላቸው እምነት ነው። እምነትም በአዋጅ አይገኝም፤ በየዕለቱ በሚጻፍ መልካም ቃል፤ በሚታመን ስሕተትና በወቅቱ በሚለቀቅ ሥልጣን ይገነባል እንጂ። ሰውን በፈቃዱ አሰልፎ ሊያሠራ የሚፈልግ ሁሉ፤ ሥራው ሶፍትዌርም ቢሆን ሌላ፤ ለታናሾቹ ደንብ ከመጻፉ በፊት በደንቡ መጀመሪያ መስመር ላይ የራሱን ስም ይጻፍ።