አንደበታቸው የተያዘው መሪጌታና የትንሣኤ ሌሊት ዜማ

በኀምሳ አምስቱ የጾም ቀናት ከበሮና ጸናጽል ከማኅሌት ርቀው ይሰነብታሉ። በትንሣኤ ሌሊት ከበሮው ዳግመኛ ሲመታ የምእመናን ልብ እንዴት እንደሚነካ በየአጥቢያው የሚታይ ነው። እኛ ዛሬ የምናወሳው ግን በምሥራቅ ጎጃም፣ በአምበር፣ በዚሁ ሌሊት በዐይናችን ያየነውን ነው።

ድጓ ያስተማሩን የኔታ በጥር ወር ድንገት ወደቁ። ቀኝ እጅና እግራቸው ዛለ፤ አንደበታቸውም ተያዘ። ሐኪሞች በአንጎላቸው ግራ ክፍል የደም ሥር መዘጋቱን ነገሩን። ዕድሜ ልኩን ድጓ ሲያዜም የኖረ አንደበት «ውኃ» ማለት ተሳነው። ቤተ ሰቡም ቀስ በቀስ አእምሯቸው አብሮ የሄደ መሰለውና፣ እርሳቸው ተቀምጠው ሳለ እንደሌሉ ሰው ስለ እርሳቸው ይነጋገር ጀመር። እውነቱን ለመናገር እኛም ከዚህ ስሕተት አልዳንንም።

በትንሣኤ ሌሊት በጋቢ ተጠቅልለው ከቅኔ ማኅሌቱ ደጃፍ ተቀመጡ። ከበሮው ተመታ፤ ጸናጽሉ ተከተለ። ካህናቱ ማዜም ሲጀምሩ የየኔታ ከንፈር ተንቀሳቀሰ፤ ቀጥሎም ድምፃቸው ወጣ። ቃሉ ሳይሰበር፣ ዜማው ሳይዛነፍ እስከ ፍጻሜው ዘለቁት። እንዲያውም አንድ ወጣት መዘምር ቢስት በግራ እጃቸው በያዙት መቋሚያ መሬቱን መታ አድርገው አቀኑት። ማኅሌቱ ሲያበቃ «የኔታ፣ እንኳን አደረሰዎ» ብንላቸው ግን መመለስ አልቻሉም፤ ዕንባቸው ብቻ ፈሰሰ።

ነገሩ ለእኛ እንግዳ ይሁን እንጂ ከጥንትም የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ1745 ኦሎፍ ዳሊን የተባለ ስዊድናዊ ጸሐፊ፣ ቀኝ ጎኑ ሽባ ሆኖ ንግግር ስለጠፋበት ሰው ጽፏል፤ ያ ሰው ከሕመሙ በፊት ያጠናቸውን መዝሙራት ጥርት አድርጎ ይዘምር ነበር። በአብዛኛው ሰው ዘንድ ንግግርን የሚያቀናብረው የአንጎል ግራ ክፍል ነው። ይኸው ክፍል ቀኙን ጎን ስለሚያዝዝ ሁለቱ ጉዳቶች ብዙ ጊዜ አብረው ይመጣሉ። ዜማ ግን በአንድ ወገን አይወሰንም። የድምፁን ከፍታና ዝቅታ በመለየት ረገድ ቀኙ ክፍል ትልቅ ድርሻ አለው፤ ምቱን ደግሞ አካልን የሚያንቀሳቅሱት ክፍሎች ይከተሉታል።

የቅዱስ ያሬድ ዜማ፣ ግዕዙም፣ ዕዝሉም፣ አራራዩም፣ ምልክቱ በብራና ቢሰፍርም፣ ተማሪ የሚይዘው ከመምህሩ አፍ እየተቀበለ፣ በመቋሚያ እየዘመመ ነው። ቃሉ ከዜማው፣ ዜማውም ከእንቅስቃሴው ጋር ለዓመታት አብሮ ይሸመናል። የየኔታ ሕመም ይህን ሸማ ሁሉ ሊተረትረው አልቻለም ማለት ነው።

በአሜሪካ፣ በቦስተን ከተማ፣ የሕክምና ባለሙያዎች ይህንኑ መነሻ አድርገው እ.ኤ.አ. በ1973 አንድ የሕክምና ዘዴ ለኅትመት አበቁ። ሕመምተኛው አጫጭር ንግግሮችን በዝግታ በዜማ ይላል፤ ግራ እጁም በምቱ ልክ መታ መታ ይደረጋል። ሁሉን ያድናል አይባልም። የለመዱትን መዝሙር መዘመር መቻል ብቻውን ንግግርን አይመልስም፤ ብዙ ልምምድ ይጠይቃል፤ ስለ አሠራሩም ሊቃውንቱ ገና ይከራከራሉ።

ይህንኑ ለልጅ ልጃቸው ነገርነው። ልጁም ማታ ማታ የአያቱን ግራ እጅ ይዞ «ውኃ ስጡኝ» የሚለውን በዜማ ያስቀጽላቸው ጀመር። በመጀመሪያው ሳምንት የወጣው ዜማው ብቻ ነበር። በሰኔ ስንመለስ ግን ሦስት ነገር መጠየቅ ችለው ነበር፦ ውኃ፣ ጋቢና መቋሚያ። ባለቤታቸው ቡና እየቀዱ፣ «አርባ ዓመት አብረን ስንኖር ለእኔ አንድ ቀን አዚመውልኝ አያውቁም፤ አሁን ውኃውም በዜማ ሆነ» ሲሉን የኔታ ሳቁ።