በቴፒ ዶሮ አንጀት ውስጥ እነማን ይኖራሉ?

በሸኮና በቴፒ የቡና ጥላ ሥር እየጫረች የምትውለው ዶሮ እ.ኤ.አ. በ2003 በቀረበ ጥናት የዘረመል ባሕርያቸው ከተመረመረ አምስት የአገራችን የዶሮ ዓይነቶች አንዷ ናት። እኛ ዛሬ የምናነሣው ግን በአንጀቷ ስለሚኖሩት ባክቴሪያዎች ነው።

እነዚህ ባክቴሪያዎች በብዛት የሚገኙት በሁለቱ ዕውር አንጀቶቿ ሲሆን፣ በአንድ ግራም ይዘት ውስጥ እስከ 100 ቢሊዮን ይደርሳሉ። ብዙዎቹ ኦክስጅን ባለበት ስለማይኖሩ በቤተ ሙከራ ሳህን ላይ ማሳደግ አስቸጋሪ ነው። በመሆኑም ተመራማሪዎች ባክቴሪያውን ሳያሳድጉ ዲ.ኤን.ኤ.ውን በቀጥታ ያነባሉ። ለዚህም 16ኤስ የተባለውንና 1500 ያህል የዘረመል ፊደላት ያሉትን በራሂ ይጠቀማሉ። ከፊሉ በሁሉም ባክቴሪያዎች ተመሳሳይ በመሆኑ በፒ.ሲ.አር. ለማባዛት መነሻ ይሆናል፤ የሚለያየው ክፍል ደግሞ የባክቴሪያውን ማንነት ይገልጣል። ይሁን እንጂ ዘዴው ሕያውን ከሞተው አይለይም።

ይህ ዕውቀት ለምን ይጠቅማል? እ.ኤ.አ. በ1973 ኑርሚና ራንታላ የተባሉ የፊንላንድ ተመራማሪዎች የአዋቂ ዶሮ የአንጀት ይዘት የተሰጣቸው ጫጩቶች ሳልሞኔላን እንደሚቋቋሙ አሳይተዋል። በእናቱ ሥር የሚያድግ ጫጩት ይህን ስንቅ ከእርሷና ከአካባቢዋ ያገኛል፤ በማሽን የተፈለፈለው ግን ያጣዋል። እንግዲህ የአገራችንን ዶሮ በውጭ ዝርያ ከመተካታችን በፊት፣ በአንጀቷ የተሸከመችውን ሀብት ማንበብ ይገባናል።