መቶ ሜትር ውኃ

ጥር 11 ቀን ማለዳ፣ ጎንደር። ታቦታቱ ከከተራ ጀምሮ በፋሲል መዋኛ አድረዋል፤ ቅዳሴው አልቋል፤ ካህናቱ ውኃውን እየባረኩ ነው። ጎረምሶቹ ልብሳቸውን አውልቀው ግንቡ ጠርዝ ላይ ተደርድረዋል። ከፊሎቹ ግድግዳውን እንደ ጅማት ተብትበው ከያዙት የዛፍ ሥሮች ላይ ተንጠላጥለዋል። ቡራኬው እንዳበቃ፣ አንዳንዴም ሊያበቃ ጥቂት ሲቀረው፣ ዘለው ይገባሉ። የጥር ማለዳ ውኃ ጎንደር ላይ ቀልድ አያውቅም፤ ጥርሱ እየተንገጫገጨ የሚስቅ ሰው እዚያ ብዙ ነው።

ከዚያ በኋላ "ማን ቀደመ?" የሚል ክርክር ይነሣል። ማን ቀድሞ ዘለለ ለማለት ነው። ማን ቀድሞ ማዶ ደረሰ ብሎ የጠየቀ ሰው ግን እስካሁን አልገጠመኝም። እኔ ላስተዋውቅ የተነሣሁት በዚህ በሁለተኛው ጥያቄ ላይ የቆመውን ውድድር ነው፦ የወንዶች 100 ሜትር ነፃ ቀዘፋ። ብዙዎቻችን ስለዚህ ውድድር የሰማነው በ2008 ዓ.ም. ነሐሴ 3 ቀን ነው፤ የሰማነውም በሳቅ ታጅቦ ነው።

በዚያ ቀን፣ በሪዮ ዴ ጄኔሮ ኦሊምፒክ፣ ሮቤል ኪሮስ ሀብቴ ለማጣሪያው ወደ ውኃ ገባ። የ24 ዓመት ወጣት ነበር፤ በመክፈቻው ሥነ ሥርዓት የኢትዮጵያን ሰንደቅ ዓላማ የያዘውም እሱ ነው። አብረውት የተነሡት ግድግዳውን ነክተው ሲጨርሱ እሱ የገንዳውን ግማሽ ያህል ወደ ኋላ ቀርቶ ነበር። ሰዓቱ 1:04.95። ከ59 ዋናተኞች የመጨረሻው ሆነ፤ ከአንድ ደቂቃ በላይ የፈጀበትም እሱ ብቻ ነበር። በአዳራሹ የነበረው ተመልካች እስኪጨርስ አጨበጨበለት። ኢንተርኔቱ ግን ሰውነቱን እያየ "ዓሣ ነባሪው ሮቤል" የሚል ስም አወጣለት። አገር ቤት ደግሞ ሳቁ ወደ ቁጣ ተቀየረ፤ አባቱ በወቅቱ የውኃ ዋና ፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ስለነበሩ "በዘመድ ነው የሄደው" ተባለ። እሱ ለጋዜጠኞች ሲናገር፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ሁሉም ሰው እንደሚሮጥ፣ እሱ ግን ሌላ ነገር መሥራት እንደፈለገና ስንተኛ መውጣቱ እንደማያስጨንቀው ገለጸ። በሦስተኛው ቀን አልማዝ አያና በ10,000 ሜትር በ29:17.45 የዓለምን ክብረ ወሰን ሰበረች፤ ንጽጽሩም የባሰ መረረ።

ማን እንዴት ተመረጠ የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው፤ ለማንኛውም ፌዴሬሽን ሊቀርብ ይችላል። ሰዓቱን እያዩ መሳቅ ግን ሌላ ነገር ነው። በሰዓቱ ላይ ለመፍረድ መጀመሪያ ውድድሩን ማወቅ ያስፈልጋል።

"ነፃ" የተባለው ደንቡ የአዋኛኘት ዓይነት ስለማያዝዝ ነው። በደረትና በቢራቢሮ ቀዘፋ እጅና እግር እንዴት መንቀሳቀስ እንዳለባቸው፣ በጀርባ ቀዘፋ ደግሞ ዋናተኛው በጀርባው መንጋለል እንዳለበት ተጽፏል፤ ዳኞችም ከዳር ሆነው ይቆጣጠራሉ። በነፃ ቀዘፋ ግን እንደ ጥምቀቱ ጎረምሳ እንዳሻህ ብትንቦጫረቅ ማንም አያስወጣህም። የሚገርመው፣ ነፃነቱ ተሰጥቶ ሳለ ሁሉም አንድ ዓይነት ይዋኛል፦ በሆዱ ተዘርግቶ፣ ክንዶቹን በየተራ ወደ ፊት እየወረወረ፣ እግሩን እያርገበገበ፣ ወደ ጎን እየተነፈሰ። ከዚህ የፈጠነ አዋኛኘት በውኃው ገጽ ላይ አልተገኘም። ከሰለሞን ደሴቶች ሲድኒ የገባው አሊክ ዊክሃም በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ይህን ቀዘፋ ለዓለም ካስተዋወቁት ሰዎች አንዱ ነው፤ እሱ የተማረው ከአሠልጣኝ ሳይሆን ከደሴቱ ልጆች ጋር በመዋኘት ነበር።

ውኃ ከአየር 800 ጊዜ ያህል የሚከብድ ነገር ነው። ክፋቱ በዚህ አያበቃም፤ ፍጥነትህን እጥፍ ላድርግ ብትል ውኃው ወደ ኋላ የሚገፋህ ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ዋናተኛ ጉልበት ከመጨመሩ በፊት መቅጠን፣ ማለትም ለውኃው ትንሽ ገላ ማሳየት መማር አለበት። በፋሲል መዋኛ የሚዋኘውን ልጅ ተመልከቱት። ፊቱ እንዳይነካበት አንገቱን ያቀናል። ጭንቅላት ከፍ ሲል ዳሌና እግር ይሰምጣሉ፤ ልጁ ተንጋዶ በደረቱ ውኃ የሚያቆም ግድብ ይሆናል። ሁለት ክንድ ያህል ሳይሄድ የሚደክመው ጉልበት አጥቶ አይደለም። በመዋኛ ትምህርት ቤት የመጀመሪያው ሥራ ፊትን ውኃ ውስጥ ነክሮ ወለሉን ማየት ነው፤ ቀላል ይመስላል፣ ብዙ ትልልቅ ሰዎችን ግን ያስለቅሳል።

የውድድሩ ገንዳ 50 ሜትር ስለሆነ መቶው ሜትር ደርሶ መልስ ነው። ዋናተኛው ከመነሻው ከፍታ ዘሎ ይገባና ውኃ ውስጥ ሳለ ሁለቱን እግሮቹን ገጥሞ እንደ ዓሣ ጅራት እየመታ ይነጉዳል። ከገጹ በታች ሞገድ ስለማይዘው እዚያ መቆየት ያዋጣዋል፤ ለዚህም ነው ደንቡ 15 ሜትር ሳያልፍ ጭንቅላቱ መውጣት አለበት የሚለው። ግድግዳው ጋ ሲደርስ ተገለባብጦ በእግሩ ረግጦ ይመለሳል። በማጣሪያ ፈጣን ሰዓት ያለው በመሐለኛው መስመር፣ በአራተኛው፣ ይዋኛል። ምልክቱ ከመሰማቱ በፊት የተነሣ ወዲያው ይባረራል፤ ሁለተኛ ዕድል የለም።

መጨረሻው ላይ ሰዓቱን የሚያቆመው ዳኛ አይደለም፤ ግድግዳው ላይ የተለጠፈው ሰሌዳ በእጅ ሲገፋ ራሱ ይቆማል። ልኬቱ በሰከንድ መቶኛ ነው። መሣሪያው ሺህኛም መለካት ይችላል፤ ነገር ግን አይፈቀድም። ምክንያቱ የግንበኛ ጉዳይ ነው። በሰከንድ ሁለት ሜትር የሚዋኝ ሰው በሰከንድ ሺህኛ ውስጥ ሁለት ሚሊ ሜትር ይሄዳል። የ50 ሜትር ገንዳን ከአንዱ መስመር ወደ ሌላው በሁለት ሚሊ ሜትር እንኳ እንዳይለያይ አድርጎ የሚገነባ ሰው የለም፤ የፋሲልን ግንብ የሠሩት እንኳ ቢነሡ አይችሉም። ስለዚህ በመቶኛው እኩል የሆኑ እኩል ናቸው። በዚያው በሪዮ በወንዶች 100 ሜትር ቢራቢሮ ማይክል ፌልፕስ፣ ቻድ ለ ክሎስና ላስሎ ቼ ሦስቱም በ51.14 ገብተው ሦስት የብር ሜዳልያ ተሰጠ።

የዛሬው ክብረ ወሰን የቻይናዊው ፓን ዣንሌ ነው፤ ሐምሌ 24 ቀን 2016 ዓ.ም. በፓሪስ ኦሊምፒክ በ46.40 ዋኝቶታል። ይህ ስንት ፍጥነት ነው? በሰዓት ከ8 ኪሎ ሜትር በታች። ከገንዳው ዳር በሶምሶማ የሚሄድ ማንኛውም የጎንደር ልጅ ከዓለም ፈጣኑ ዋናተኛ ጋር እያወራ መሸኘት ይችላል። ቀነኒሳ በቀለ በ2005 እ.ኤ.አ. ብራስልስ ላይ 10,000 ሜትርን በ26:17.53 ሲሮጥ የነበረው ፍጥነት የዚህን ሦስት እጥፍ ያህል ነው፣ ያውም ለ26 ደቂቃ። ፍጥነትን በሩጫ መለካት የለመደ ሕዝብ ዋናን ሲያይ የሚቸገረው አንድም ለዚህ ይመስለኛል።

አሁን ወደ 1:04.95 እንመለስ። የሪዮ ሻምፒዮን አውስትራሊያዊው የ18 ዓመቱ ካይል ቻልመርስ በ47.58 ነው ያሸነፈው፤ ሮቤል ከእሱ በ17 ሰከንድ ተበልጧል። ወደ ኋላ ግን እንሂድ። በ1896 እ.ኤ.አ. አቴንስ ላይ የመጀመሪያው የመቶ ሜትር አሸናፊ ሃንጋሪያዊው አልፍሬድ ሃዮሽ ነበር፤ ገንዳ ስላልነበረ ባሕር ላይ ዋኝቶ በ1:22.2 ገባ። በ1908 ለንደን ላይ አሜሪካዊው ቻርልስ ዳንኤልስ ሻምፒዮን የሆነው በ1:05.6 ነው፤ ሰዓቱም የዓለም ክብረ ወሰን ነበር። ልብ በሉ፦ የሪዮው መጨረሻ የለንደኑን ወርቅ ከነክብረ ወሰኑ ይወስደው ነበር። ዳንኤልስን ላለመበደል ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር፤ የለንደኑ ገንዳ በአትሌቲክሱ ስታዲየም ውስጥ የተሠራ፣ ርዝመቱ መቶ ሜትር የሆነ ነበር። ረግጦ የሚመለስበት ግድግዳ አልነበረውም፤ የመዋኛ መነጽርም አላደረገም። ከአንድ ደቂቃ በታች ለመግባት ዓለም እስከ 1922 መጠበቅ ነበረበት፤ ያን ያደረገው ጆኒ ቫይስሙለር በ58.6 ነው። ኋላ ሲኒማ ላይ ታርዛን ሆኖ ያየነው ሰውዬ።

ሮቤል ሪዮ የደረሰው የብቃት ሰዓት አሟልቶ አይደለም። ሰዓቱን ያሟላ ዋናተኛ የሌላቸው አገሮች አንድ ወንድና አንዲት ሴት እንዲልኩ የሚፈቅድ አሠራር አለ። ከእሱ በፊት ሙሉአለም ግርማ በ2012 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ፣ ከእሱ በኋላ አብዱልማሊክ ሙክታር በቶኪዮ፣ ሁለቱም በ50 ሜትር ነፃ ቀዘፋ ተወዳድረዋል።

የሰሜን ጎንደር ደጋ ውኃን የሚያውቀው በሌላ ስሙ ነው። ጠበል ነው፤ ጥምቀት ነው፤ ጳጉሜ 3 በሩፋኤል ልጆች ወጥተው የሚታጠቡበት ዝናብ ነው። ነሐሴ ላይ ደግሞ ሰውና ከብት የሚወስድ ጎርፍ ነው፤ እናትም "ወንዝ እንዳትገባ" ብትል እውነት አላት። በጣና ዳር፣ ጎርጎራ ላይ፣ በታንኳ ያደገ ልጅ ሌላ ነው። የፋሲል መዋኛም ቢሆን ከቀሃ ወንዝ ውኃ የሚገባበት ለጥምቀት ነው፤ ቀሪውን የዓመት ጊዜ አብዛኛውን ደረቅ ነው። ከ1979 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከፋሲል ግቢ ጋር በዓለም ቅርስነት ስለተመዘገበ ክሎሪን ይግባበት የሚል ጤነኛ ሰው አይኖርም።

ከፍታው ግን ያስቀናል። የዓለም ታላላቅ ዋናተኞች ደማቸው ኦክስጅን መሸከም እንዲለምድ ስፔን ውስጥ ሴራ ኔቫዳ ተራራ ላይ ወጥተው ይሠለጥናሉ፤ እዚያ በ2,320 ሜትር ከፍታ 50 ሜትር ገንዳ አለ። ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ናት፤ ደባርቅማ ከሴራ ኔቫዳውም ትበልጣለች። ችግሩ ሙቀት ነው። የውድድር ውኃ ከ25 እስከ 28 ዲግሪ መሆን አለበት። አዲስ አበባ ሒልተን መዋኛውን በፍል ውኃ ያሞቃል፤ ደጋ ላይ ግን ይህን ያህል ውኃ ዓመቱን ሙሉ ማሞቅ የመብራት ሒሳብ ማለት ነው።

ዓመቱን ሙሉ ሳያቋርጡ መዋኘት ምን እንደሚያደርግ ያየሁት በሌላ አፍሪካዊ ታሪክ ነው። በ2000 እ.ኤ.አ. ሲድኒ ላይ የኢኳቶሪያል ጊኒው ኤሪክ ሙሳምባኒ መቶ ሜትሩን ብቻውን ዋኘ፤ አብረውት የነበሩት ሁለቱ ቀድመው በመነሣታቸው ተባረው ነበር። ዋና ከጀመረ ዓመት አልሞላውም፤ ሲለማመድ የነበረው በአንድ ሆቴል ትንሽ ገንዳ ነው። መመለሻው ላይ የሚሰምጥ መስሎ፣ እየተንቀረፈፈ፣ በ1:52.72 ጨረሰ። ዓለም በእሱም ሳቀ። ከዚያ ግን መዋኘቱን አልተወም፤ አራት ዓመት ሳይሞላ ከ57 ሰከንድ በታች ገባ። ለአቴንስ 2004 ዝግጁ ነበር። በቪዛ ጉዳይ ሳይሄድ ቀረ።