«አርጅቷል፣ ልቀቀው» አልኩት

ጡረታ በወጣሁበት በ2009 ዓ.ም. ክረምት ልጄን ለመጠየቅ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ሄጄ ነበር። ዕድሜ ልኩን በነርስነት የሠራ ሰው በድንገት ቤት ሲቀመጥ ምን እንደሚሰማው ጡረተኞች ታውቁታላችሁ። በመሰናበቻዬ ዕለት አንዲት ወጣት ባልደረባዬ «እንግዲህ ይረፉ፣ በቃዎት» ብላኝ ነበር። በፍቅር ነው ያለችኝ፤ ቃሏ ግን ከውስጤ አልወጣም።

የአሥራ አራት ዓመቱ የልጅ ልጄ ዓይኑን ከስልኩ አያነሣም። አንድ ቀን ጠጋ ብዬ «ምንድን ነው እንዲህ የሚያስጨንቅህ?» አልኩት። እዚህ ልጆቻችን በፕሪሚየር ሊግ ፋንታሲ እንደሚጫወቱት ሁሉ፣ እሱም ከክፍል ጓደኞቹ ጋር የቤዝቦል ፋንታሲ ይጫወታል። እውነተኛ ተጫዋቾችን ይመርጣሉ፤ ተጫዋቹ ሜዳ ላይ በሠራው ልክ ነጥብ ያገኛሉ። መጀመሪያ የጠየቅሁት «ገንዘብ አለበት?» ብዬ ነው። የለበትም።

ያስጨነቀው የዲትሮይት ታይገርሱ ኳስ ወርዋሪ ጀስቲን ቨርላንደር ነበር። ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በ2011 የሊጉ ምርጥ ወርዋሪም፣ ምርጥ ተጫዋችም ተብሎ ተሸልሟል። ያኔ ግን 34 ዓመቱ ነበር። የውድድር ዘመኑ ሲጋመስ በዘጠኝ ኢኒንግ በአማካይ ከ4.5 በላይ ነጥብ ይቆጠርበት ነበር። ይህ ቁጥር ባነሰ መጠን ይሻላል፤ ለእሱ ዓይነት ወርዋሪ ከ4 ማለፉ መጥፎ ነው። ቡድኑም እየተሸነፈ ነባር ተጫዋቾቹን ለሌሎች መስጠት ስለጀመረ፣ «ቨርላንደርም ሊሄድ ነው» የሚል ወሬ ይናፈሳል። አንድ ጓደኛው ደግሞ «እሱን ስጠኝና ወጣት ወርዋሪ ልስጥህ» ብሎታል።

«አርጅቷል፣ ልቀቀው» አልኩት።

ልጁ ቀና ብሎ አየኝና «እማማ፣ አንቺ እኮ ዕድሜውን ብቻ ነው ያየሽው» አለኝ።

ደነገጥኩ። በእኔ ላይ ሲደረግ ያመመኝን እኔው በሰው ላይ አደረግሁት። «እሺ፣ ካርዱን አሳየኝ» ብዬ አጠገቡ ተቀመጥኩ። በስልኩ ያሳየኝ የቁጥር ሰንጠረዥ ስሠራበት ከኖርኩት የሕመምተኛ ካርድ ብዙም አይለይም። ትኩሳት ምልክት እንጂ ራሱ በሽታው አይደለም። የሚቆጠርበት ነጥብ መብዛትም እንደዚያው ነው፤ ምክንያቱን መፈለግ ያስፈልጋል።

«ጉልበቱስ?» አልኩት። ኳሱ አሁንም በሰዓት 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ይበራል። በየኢኒንጉ አንድ ያህል መቺ በስትራይክ ያስወጣል። ችግሩ ኳሱን ከዒላማው ውጪ እየወረወረ ብዙ መቺዎችን በነጻ ወደ ቤዝ ማሳለፉ ነበር። «ከዚህ በፊትስ ታሞ ያውቃል?» አልኩት። እ.ኤ.አ. በ2014 መጀመሪያ የሆድ አካባቢ ጡንቻ ቀዶ ሕክምና አድርጎ፣ ያን ዓመት እንዲሁ ደክሞ ነበር። በ2016 ግን ለምርጥ ወርዋሪነት ሽልማት ሁለተኛ እስከመሆን ደረሰ። ወድቆ መነሣት ያውቅበታል ማለት ነው።

ወሬውንም መዘንነው። ወርዋሪ «አሸነፈ» ተብሎ የሚቆጠርለት የራሱ ቡድን ነጥብ ካገባ ብቻ ነው። ስለዚህ ወደ ጠንካራ ቡድን ቢሄድ ለልጄ ልጅ ነጥቡ ይጨምራል። ነገር ግን ወሬ ወሬ ነው፤ ቨርላንደርም ዝውውሩን እምቢ የማለት መብት ነበረው። «ቢሄድ እንደ ምርቃት ቁጠረው» አልኩት። የምትይዘው ክንዱ ደህና ስለሆነ ይሁን። ልጁም አልለቀቀውም።

ቨርላንደር ገና ሳይዛወር መሻሻል ጀመረ። ነሐሴ 25 ቀን የዝውውሩ ጊዜ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ሊያበቃ ሲል፣ በመጨረሻው ደቂቃ ወደ ሂውስተን አስትሮስ መሄዱ ጸና። እዚያም መደበኛው ውድድር እስኪያልቅ አምስት ጊዜ ወርውሮ አምስቱንም አሸነፈ፤ የሚቆጠርበት ነጥብም በአማካይ 1.06 ሆነ። ከዚያም በአሜሪካን ሊግ የፍጻሜ ግጥሚያዎች ምርጥ ተጫዋች ተባለ።

ሁልጊዜ እንዲህ አይሆንም። የአንጋፋ ወርዋሪ ክንድ ድንገት ሊጎዳ ይችላል፤ ካርዱ ጥሩ ሆኖ የማይነሣም አለ። ያኔ ልጁ ቢሸነፍ ኖሮም ግን አመዛዘኑ ትክክል ነበር እላለሁ።

ወላጆችና አያቶች ሆይ፣ ልጁ ስልኩ ላይ ሲያቀረቅር «ተወው ይህን!» ከማለታችን በፊት ጠጋ ብለን እንጠይቅ። ገንዘብ ካለበት ቁማር ነውና እናስቁመው። ከሌለበት ግን «ማንን ያዝክ? ለምን?» እንበለው። እኔ በዚያ ክረምት ከልጅ ልጄ ጋር ብዙ ያወራሁት በዚህ ሰበብ ነው። አሁንም ስንደዋወል መጀመሪያ የሚለኝ «እማማ፣ ካርዱን ላንብብልሽ?» ነው።