«ዳግም ዘር» ስንል ስንት ቁጥር ማለታችን ነው?

በአማርኛ የሒሳብ መማሪያ መጻሕፍት ከገቡት ስያሜዎች መካከል «ዳግም ርቢ»ንና «ዳግም ዘር»ን ያህል የተሳካ ጥንድ ጥቂት ነው። 3 በራሱ ሲባዛ 9 ይሆናል፤ ስለዚህ 9 የ3 ዳግም ርቢ ነው። ወደ ኋላ ተመልሰን 9 ከየትኛው ቁጥር እንደ ረባ ስንጠይቅ ደግሞ ዘሩን መሻታችን ነው። ሁለቱም ቃላት ለሰዋስው ተማሪ እንግዳ አይደሉም፤ የግሥ ርባታ፣ ጥሬ ዘር ሲባል ይሰማልና። (የፊደላችን ሁለተኛ ረድፍ «ካዕብ» ሲባል ሒሳቡ «ዳግም»ን መምረጡ፣ በሦስተኛው ላይ ግን ሁለቱም «ሣልስ» ማለታቸው ልብ ይሏል።)

ነገር ግን የስያሜው ማማር ለብያኔው ዋስትና አይሆንም። ዳግም ዘር ብዙ ጊዜ የሚበየነው «በራሱ ሲባዛ የተሰጠውን ቁጥር የሚያስገኝ ቁጥር» ተብሎ ነው። በዚህ ብያኔ መሠረት የ9 ዳግም ዘሮች ሁለት ናቸው፤ አሉታዊ 3ም በራሱ ሲባዛ 9ን ይሰጣልና። በሌላ በኩል 9 በዘር ምልክት ውስጥ ተጽፎ ሲገኝ መልሱ 3 ብቻ ነው። ሁለቱም አነጋገር ትክክል ነው። ችግሩ ሁለቱን ጽንሰ ሐሳቦች በአንድ ስም መጥራታችን ነው።

ጉዳቱ ጎልቶ የሚታየው በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። ትምህርቱ በዚያ በእንግሊዝኛ ቢሰጥም ተማሪው ይዞት የሚገባው በአማርኛ የተማረውን ብያኔ ነው። «ዳግም ርቢው 9 የሆነ ቁጥር ማን ነው?» ሲባል 3 ብቻ ብሎ አንዱን መልስ ይጥላል፤ ወይም የአሉታዊ 3ን ዳግም ርቢ በዘር ምልክት ውስጥ ሲያገኝ «ርቢውና ዘሩ ተጣፉ» ብሎ አሉታዊ 3ን ይመልሳል። መልሱ ግን 3 ነው። የሁለተኛ ደረጃ እኩልታ መፍቻ ቀመር በዘር ምልክቱ ፊት የመደመርና የመቀነስ ምልክቶችን አጣምሮ መያዙም ምልክቱ ብቻውን አንዱን ዘር ብቻ ስለሚሰጥ ነው።

ስለዚህ ለመዝገበ ቃላት ሁለት መግቢያዎች እንዲኖሩ እናሳስባለን፦

ዳግም ዘር፦ በራሱ ሲባዛ የተሰጠውን ቁጥር የሚያስገኝ ማናቸውም ቁጥር። አዎንታዊ ቁጥር ሁለት፣ ዜሮ አንድ ዳግም ዘር አላቸው፤ አሉታዊ ቁጥር ግን በቁጥር መስመር ላይ ዳግም ዘር የለውም።

ዋና ዳግም ዘር፦ ከዳግም ዘሮች መካከል አሉታዊ ያልሆነው፤ በዘር ምልክት የሚጻፈው።

«ብቸኛ ቁጥር»ም ተመሳሳይ ጥንቃቄ ይሻል። «በራሱና በ1 ብቻ የሚካፈል» ካልን 1 ራሱ ሾልኮ ይገባል፤ ያን ጊዜም 12ን 2×2×3 ብለን በብቸኛ ቁጥሮች ስንተነትን፣ 1×2×2×3ም ሆነ 1×1×2×2×3 ልንል ነው፤ ትንታኔው አንድ ብቻ መሆኑ ይቀራል። «ሁለት ብቻ አካፋዮች ያሉት መቁጠሪያ ቁጥር» የሚለው ብያኔ ግን 1ን በደጅ ያስቀረዋል።