«ማን ነው ከኋላ የመታኝ?»

ሰፈር ለሰፈር የተያዘ የእሁድ ጠዋት ግጥሚያ ነው። ውጤቱ 2 ለ 2፤ ሊያልቅ አሥር ደቂቃ ቢቀረው ነው። ለቀኝ ክንፉ ልጅ ረጅም ኳስ ተጣለለት። ተከላካዩን ሁለት ሜትር ጥሎት ተፈተለከ… ሊያሻማ ሲል ከታፋው ጀርባ የሆነ ነገር «ቷ!» አለበት። እግሩን ከኋላ አፈፍ አድርጎ ይዞ በአንድ እግሩ እየዘለለ ቆመ። የመጀመሪያ ሥራው ምን ነበር መሰላችሁ? ዞሮ ተከላካዩ ላይ የስድብ መዓት ማውረድ! ምስኪኑ ተከላካይ ግን ገና አልደረሰበትም ነበር።

አትሳቁበት። ይህ ጉዳት የደረሰባቸው ብዙዎች የሚሉት ይህንኑ ነው፤ በድንጋይ የመቷቸው፣ ከኋላ የረገጧቸው ይመስላቸዋል። የመታው ግን ሰው አይደለም። የገዛ ቋንጃው ነው።

ልጁ 23 ዓመቱ ነው። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ሱቅ ውስጥ ቆሞ ሲሸጥ ይውላል። ቅዳሜ ማታ ሰርግ ቤት አምሽቶ፣ ሦስት ሰዓት ብቻ ተኝቶ፣ ቁርስ ሳይቀምስ ነው ሜዳ የመጣው። ያውም አንድ ጨዋታ ጨርሶ ለሁለተኛው የገባ ነው! ከሁሉ የሚያሳዝነው ደግሞ ከሁለት ሳምንት በኋላ አንድ ክለብ ሊሞክረው ቀጥሮት ነበር። ለዚያች ቀጠሮ ሁለት ዓመት ሙሉ ደጅ ጠንቷል። ወደ ቀጠሮዋ እንመለሳለን።

ፍሬን የሚይዘው ጡንቻ

በየራዲዮው «ሀምስትሪንግ» ሲባል የምትሰሙት ነገር ከመቀመጫ አጥንት ተነስተው፣ በታፋ ጀርባ ወርደው፣ ከጉልበት በታች የሚታሰሩ ሦስት ጡንቻዎች ናቸው። ከጉልበታችሁ ጀርባ ግራና ቀኝ እንደ ገመድ የሚዳሰሱት ጅማቶች የእነሱ ጫፎች ናቸው። ሥራቸው ጉልበትን ማጠፍና ጭንን ወደ ኋላ መሳብ ነው። ሲሮጡ ግን ትልቁ ሥራቸው ፍሬን መያዝ ነው። በሙሉ ፍጥነት ስትሮጥ እግርህ ወደፊት ይወነጨፋል፤ መሬት ከመንካቱ በፊት ያን ውርወራ የሚያበርደው ቋንጃ ነው። እየተለጠጠ እያለ በሙሉ ኃይሉ ይኮማተራል ማለት ነው። በሩጫ ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ የሚቀደደውም እዚያች ቅጽበት ላይ ነው። ከሦስቱ ውስጥ በብዛት የሚጎዳው ደግሞ በታፋ የውጪ ጎን በኩል ያለው ነው።

እሺ፣ ለምን በ10ኛው ደቂቃ ሳይሆን በ80ኛው?

በእንግሊዝ 91 ፕሮፌሽናል ክለቦችን ለሁለት የውድድር ዘመን ተከታትሎ በ2004 የወጣ ጥናት አለ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ቁጠሩልኝ)። በጨዋታ ላይ ከደረሱት የቋንጃ ጉዳቶች 47 በመቶ፣ ማለትም ግማሽ ያህሉ፣ የደረሱት በየአጋማሹ የመጨረሻ ሩብ ሰዓት ላይ ነው። ሰው ሲደክም ማለት ነው።

የደከመ ጡንቻ ምን ይሆናል? በ1996 በጥንቸል ጡንቻ ላይ የተደረገ አንድ ሙከራ ነገሩን ጥሩ አድርጎ ያሳያል። ያልደከመውም የደከመውም ጡንቻ የተጎዱት እኩል ርዝመት ላይ ሲደርሱ ነው። ልዩነቱ፣ የደከመው እዚያ ርዝመት ላይ እስኪደርስ የተሸከመው ኃይል አነስተኛ መሆኑ ነው። በሰፈር ቋንቋ፦ ገመዱ ያው ገመድ ነው፤ ፍሬኑ ግን ልሟል። በጡንቻ ውስጥ የተጠራቀመው ስንቅ እየተሟጠጠ ይሄዳል፣ ከአንጎል የሚመጣው ትዕዛዝም እየላላ ይመጣል። አንተ ግን የምትሮጠው ያንኑ ሩጫ ነው!

እግረ መንገዴን፦ ጫት ቅሞ ሜዳ የሚገባ ጀለስ ያላችሁ ንገሩልኝ። ድካሙን ያስረሳዋል እንጂ አያጠፋለትም። የደከመ መሆኑን የማያውቅ ተጫዋች ደግሞ ከደከመው የባሰ ነው።

ስሙን ሳልጠራው የምታውቁት ልጅ

በ1998ቱ የዓለም ዋንጫ በ18 ዓመቱ አርጀንቲናን አተራምሶ ጎል ያገባውን የእንግሊዝ አጥቂ ታስታውሱታላችሁ። በሚያዝያ 1999፣ በ19 ዓመቱ፣ ከሊድስ ጋር ሲጫወት ቋንጃው ተቀደደ። በ2001 የአውሮፓ ኮከብ ተጫዋች ተብሎ የወርቅ ኳሱን እስከመውሰድ ደርሷል፤ ግን ያ የድሮው ፍጥነት ከዚያች ቀን ወዲህ እንዳልተመለሰለት ራሱ ደጋግሞ ተናግሯል። ያውም ሐኪሙም ገንዘቡም ሞልቶ በተረፈበት አገር።

ዛሬም ቢሆን ታላላቆቹ አልዳኑም። የአውሮፓ ታላላቅ ክለቦችን ጉዳት ለ21 የውድድር ዘመን የመዘገበው ጥናት እንደሚለው፣ በ2001/02 ከጠቅላላው ጉዳት 12 በመቶ የነበረው የቋንጃ ጉዳት በ2021/22 ወደ 24 በመቶ አድጓል። በጥናቱ ከተመዘገቡት የቋንጃ ጉዳቶች 18 በመቶው ድጋሚ የመጡ ናቸው። ከድጋሚዎቹ ደግሞ ከሦስቱ ሁለቱ የተከሰቱት ተጫዋቹ ወደ ሜዳ በተመለሰ በሁለት ወር ውስጥ ነው። ይህቺን ቁጥር ያዙልኝ፤ ወደ ሱቅ ሠራተኛው የምንመለሰው በእሷ ነው።

ወጌሻው፣ ቅባቱና ቀጠሮዋ

ልጁ ያኔውኑ ወደ ወጌሻ ተወሰደ። ወጌሻው በቅባት ሙልጭ አድርጎ አሸው። ልጁ እየጮኸ፣ ጓደኞቹ ይዘውት! ወጌሻን ለመንቀፍ አይደለም፤ የወለቀ ጣት መልሶልኛልና ባለውለታዬ ነው። ግን የተቀደደ ጡንቻ ውስጥ ይደማል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት በኃይል ማሸት፣ ሙቅ ነገር መዘፍዘፍ፣ መጠጥ መጠጣት መድማቱን ሊያብሱት ይችላሉ። የሚሻለው ጨዋታውን እዚያው ማቆም፣ ታፋውን በፋሻ ጠበቅ አድርጎ ማሰር፣ በረዶ በጨርቅ ጠቅልሎ ለሩብ ሰዓት ያህል እየደጋገሙ መያዝ ነው። ከዚያም አልጋ ላይ መክረም ሳይሆን፣ ሕመሙ በፈቀደ መጠን ቀስ እያሉ መንቀሳቀስ።

ጡንቻ መኮማተርና መቀደድ እንዳይምታታባችሁ። የተኮማተረ እግር ሲዘረጋና ሲሳብ ይለቅቃል። የተቀደደ ግን በተሳበ ቁጥር ይብሳል፤ ሲጫኑት አንዲት ቦታ ላይ ይወጋል፤ ከቀናት በኋላም ጥቁር ሰማያዊ ሆኖ ወደ ጉልበት ሊወርድ ይችላል። እግሩን መርገጥ ካቃተው፣ ጡንቻው ላይ ጎድጓዳ ነገር ከተዳሰሰ፣ ወይም ሕመሙ መቀመጫ አጥንቱ ሥር ከሆነ ሐኪም ቤት ለነገ አይባልም። ጅማቱ ከአጥንቱ ተነቅሎ ቢሆን ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልገው ይችላል፤ ሲቆይ ደግሞ ሥራው ይከብዳል።

የእኛ ልጅ በ10ኛው ቀን ሶምሶማ ሮጠ። አላመመውም። «ድኛለሁ!» አለ። በ14ኛው ቀን ክለቡ ዘንድ ሄደ። መጎዳቱን ለማንም አልተናገረም፤ ማን ይናገራል? የመጀመሪያውን አጋማሽ አሳምሮ ተጫወተ። አሰልጣኙም ስሙን ጠይቆ ጻፈ። በሁለተኛው አጋማሽ ያችው ቦታ፣ ያው ድምፅ። በዚህኛው ጊዜ የተከላካዩን እናት አልሰደበም፤ ሜዳው ላይ ተደፍቶ አለቀሰ። ከዚያ 11 ሳምንት!

የተሳሳተው በሶምሶማ መፈተኑ ነው። ቋንጃ በሶምሶማ ሩጫ አይፈተንም፤ ፍሬኑ የሚያዘው በሙሉ ፍጥነት ነውና። የተጎዳው እግር ከጤነኛው እኩል ኃይል ሳያወጣ፣ ለብዙ ቀናት ደረጃ በደረጃ እየፈጠኑ ያለ ሕመም በሙሉ ፍጥነት ሳይሮጡ፣ የቀን መቁጠሪያ አይቶ ሜዳ መግባት ቁማር ነው።

ፊዚዮቴራፒስቷ ያዘዘችለት

በመጨረሻ አንዲት ፊዚዮቴራፒስት ዘንድ ሄደ። መጀመሪያ የጠየቀችው ስለ እግሩ ሳይሆን ስለ እንቅልፉ ነበር። ቀጥላ በሳምንት ስንት ጊዜ በሙሉ ፍጥነት እንደሚሮጥ። «እሁድ፣ ጨዋታ ላይ» አላት። ስድስት ቀን ባንኮኒ ተደግፎ የከረመ ጡንቻ በሰባተኛው ቀን ሁለት ጨዋታ! ወገቧን ይዛ ሳቀች አሉ።

እግሩ ሲጠነክር የሰጠችው ልምምድ ብር አይጠይቅም። ትንበረከካለህ፤ ጓደኛህ ቁርጭምጭሚትህን መሬት ላይ ጥርቅም አድርጎ ይይዝልሃል፤ ከጉልበትህ እስከ ራስህ ቀጥ ብለህ፣ በቋንጃህ ፍሬን እየያዝህ፣ ቀስ… እያልህ ወደፊት ትወርዳለህ። መያዝ ሲያቅትህ በእጅህ መሬቱን ትቀበላለህ። አለቀ። በዴንማርክ 942 ተጫዋቾች የተሳተፉበትና በ2011 የወጣ ጥናት ይህንን የሠሩት ቡድኖች ላይ 15 የቋንጃ ጉዳት ሲመዘገብ፣ ካልሠሩት ላይ 52 ተመዝግቧል። አጀማመሩ በሳምንት አንድ ቀን አምስት አምስት ጊዜ ሁለት ዙር ብቻ ነው፤ ከዚያ በአሥር ሳምንት ቀስ እያለ ይጨምራል። በመጀመሪያው ቀን ጀግና ልሁን ያለ ለሦስት ቀን ደረጃ መውረድ ያቅተዋል። ሰውነት ሳያሟሙቁ፣ ወይም በጨዋታው ዋዜማ መጀመር ደግሞ የዋህነት ነው።

ልጁ አሁን ሮብና ዓርብ ማታ ይሠራል። እሁድ አንድ ጨዋታ ብቻ፤ ሲደክመው እጁን አውጥቶ ይቀየራል። ጓደኞቹ «ሽማግሌው» ብለው ስም አውጥተውለታል። ቁርጭምጭሚቱን የምትይዝለት የ15 ዓመት እህቱ ናት። ለእያንዳንዱ ዙር አሥር ብር ታስከፍለዋለች፤ ካልከፈላት መሃል ላይ ትለቅቀዋለች። ባለፈው ሳምንት በአፍንጫው ተተክሏል።